ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር ለሚመደቡ ሠራተኞች፦ በትምህርት ቤት ምርጫ አስቀድመው ሊታዩ የሚገቡ ጉዳዮች

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ አቃቂ ቃሊቲና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋችው ሳሪስ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር በሰፈሩ አቋርጦ ሠራተኛውን ወደ መሐል ከተማ የሚወስድ ሲሆን፣ ልጆች ግን በአብዛኛው በአቅራቢያቸው ባሉ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመታት በጄኔቭ፣ በናይሮቢ ወይም በሪያድ እንዲሠራ የምደባ ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ጉዞውና ስለ ቤት ኪራዩ ሊሆን ይችላል። ሰንብቶ የሚከብደው ግን የልጆች ትምህርት ጉዳይ ነው።

አራት ዓመት አንድ ልጅ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሚማርበት ጊዜ ሲሶው ነው። ወላጁ የሥራ ዘመኑን አጠናቆ ሲመለስ ልጁም አብሮ ይመለሳል፤ ተመልሶም ወይ በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ ማለፍ፣ ወይም በውጭ ባገኘው ማስረጃ ላይ የአቻ ግምት ማሠራት ይጠበቅበታል። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገበት ወቅት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ፈተናው በአገር ውስጥ ሳያቋርጡ ለተማሩት እንኳ ይህን ያህል ከብዶ ሳለ፣ ዘጠነኛና አሥረኛን በፈረንሳይኛ ተምሮ በአሥራ አንደኛ ክፍል የሚመለስ ልጅ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በመሆኑም ምርጫው የሚጀምረው ሄደው ከሚያርፉበት ከተማ ሳይሆን ከመመለሻው ቀን ነው።

ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም ታሪክ ከዲፕሎማሲ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በ1924 በጄኔቭ የማኅበሩና የዓለም ሥራ ድርጅት ሠራተኞች ለልጆቻቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለዘርፉ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ነው። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው የትምህርትና የፈተና ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያው በጄኔቭ ተመሠረተ። የተፈለገውም ከአገር አገር የሚዘዋወር ሠራተኛ ልጅ በሄደበት ሁሉ ተቀባይነት ያለው አንድ ማስረጃ ይዞ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ለማስቻል ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምረው ሊሴ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1947 ተከፈተ፤ የሳንፎርድና የቢንግሃም ትምህርት ቤቶችም የ1940ዎቹ ፍሬዎች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 መቀመጫቸውን በከተማይቱ ካደረጉ በኋላ ደግሞ በ1964 የዛሬው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ተመሠረተ። የጣልያንና የጀርመን ትምህርት ቤቶችም አሉ። እነዚህን ማወቅ ለሚሄደው ሠራተኛ የሚጠቅመው ስለ ታሪካቸው ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሲመለስ በጀመረው ሥርዓት ሊቀጥል የሚችልባቸው ቦታዎች እነዚህ በመሆናቸው ነው። ክፍያቸው በመንግሥት ደመወዝ የሚደፈር አለመሆኑም ከወዲሁ ሊታወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በስሙ ላይ "ኢንተርናሽናል" የሚል ቃል የለጠፈ ትምህርት ቤት ሁሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አይደለም። ይህ በአዲስ አበባም፣ በናይሮቢም፣ በዱባይም የሚታይ ነው። ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ሦስት ነገሮች ነው፦ የሚያስተምረው በየትኛው ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹን በመጨረሻ የሚፈትነው ማን ነው፤ ፈቃዱን ወይም ዕውቅናውን የሰጠው የውጭ አካል የትኛው ነው። ትምህርት ቤቱ የካምብሪጅ ፈተና እሰጣለሁ፣ የባካሎሬት ፕሮግራም አለኝ ወይም የፈረንሳይ መንግሥት ዕውቅና አለኝ ቢል፣ እነዚህ ተቋማት ፈቃድ የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በይፋ ስለሚያወጡ ማረጋገጡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። "ፈቃድ በመጠየቅ ላይ ነን" የሚል መልስ ፈቃድ አለን ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል።

ሥርዓቶቹ እርስ በርስ የሚለያዩት በፈተናቸው ጊዜ ነው። የብሪታንያውን ሥርዓት በሚከተሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በ16 ዓመቱ አካባቢ በየትምህርቱ ዓለም አቀፉን አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያም ሁለት ዓመት በጥቂት ትምህርቶች ላይ አተኩሮ የከፍተኛ ደረጃ ፈተና ይቀመጣል። የባካሎሬት ዲፕሎማ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሚሸፍን ሆኖ ተማሪው ስድስት ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከፍተኛው ውጤት 45 ነጥብ ሲሆን ዲፕሎማውን ለማግኘት ከሚጠየቁት መመዘኛዎች አንዱ ቢያንስ 24 ነጥብ ማምጣት ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ደግሞ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ፋንታ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ውጤት ይቆጠራል። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ቁም ነገር አንድ ነው፤ የሁለት ዓመት ኮርስ የጀመረን ልጅ በመካከሉ ማንሳት ከሁሉ የከፋው ዝውውር ነው። የምደባ ዘመኑ ልጁ 17 ዓመት በሞላው ወቅት የሚያልቅ ከሆነ፣ ጥያቄው ከመሄድ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ መቅረብ ያለበት እንጂ የመመለሻው ደብዳቤ ሲደርስ የሚነሣ አይደለም።

የፈረንሳይ ሥርዓት በዚህ ረገድ የራሱ ጠቀሜታ አለው። መርሐ ግብሩ በሁሉም አገሮች አንድ በመሆኑ በጅቡቲ በሊሴ ጆሴፍ ኬሰል የጀመረ ልጅ በብራስልስ በሊሴ ዣን ሞኔ ሊቀጥል፣ ሲመለስም በአዲስ አበባ በሊሴ ገብረ ማርያም ቦታ ካገኘ ያንኑ መጽሐፍ ከዚያው ምዕራፍ ሊከፍት ይችላል። ጉድለቱ፣ አንድ ጊዜ ከገቡበት ወደ ኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት መመለስ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ክፍያን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። በጄኔቭ ከላይ የተጠቀሰው ትምህርት ቤት ለከፍተኛ ክፍሎች በዓመት ለአንድ ልጅ ከ30 ሺህ ፍራንክ በላይ ያስከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከአገራቸው ውጭ ለሚያገለግሉ ዓለም አቀፍ ሠራተኞቹ የትምህርት ድጎማ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዋጋቸውን የሚተምኑት ድጎማ የሚያገኘውን ሠራተኛ አስበው ነው። አንድ ሠራተኛ ከመንግሥት ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚዛወር ከሆነ የቅጥሩ ዓይነት ይህን መብት የሚያስገኝ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከኢትዮጵያ መንግሥት የሚመደብ ሠራተኛ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለልጆች ትምህርት የሚሸፍነው ነገር ካለ እስከ ስንት ልጅ፣ እስከ ስንት ዓመት ዕድሜና በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ከመሄዱ በፊት ሊያውቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ መሆኑ፣ በአገር ቤት ብር ቆጥቦ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል ያሰበን ሰው ስሌት ምን ያህል ሊያዛባ እንደሚችል ያሳያል። ከዓመታዊው ክፍያ ሌላ የመመዝገቢያ፣ የማይመለስ የመግቢያ፣ የትራንስፖርት፣ የደንብ ልብስና የፈተና ክፍያዎች መኖራቸውም አይዘነጋም።

ከዚህ የተነሣ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከምርጫዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። በብዙ አገሮች የሕዝብ ትምህርት ቤት ለዲፕሎማትም ልጅ በነፃ ክፍት ነው። በጄኔቭ ቋንቋውን ለማያውቁ አዲስ መጪ ልጆች የመቀበያ ክፍሎች አሉ። በቤልጂየም ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ወይም በፍላሚሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሚባሉት ግን በቅድሚያ ለአውሮፓ ኅብረት ተቋማት ሠራተኞች ልጆች የተቋቋሙ በመሆናቸው ለሌላው ቦታ የሚገኘው ሲተርፍ ብቻ ነው። በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ የሚገባ ልጅ በሕዝብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማር የማይፈቀድለት ቢሆንም፣ ይህ ክልከላ ከወላጁ ጋር በዲፕሎማቲክ ቪዛ ለገባ ልጅ አይሠራም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች እንደ አማርኛ ባሉ ቋንቋዎች አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሲሆን፣ በአጎራባቿ ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚልኳቸውን መረጃዎች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው የማይቀናት እናት የልጇን ጉዳይ ለመከታተል ሌላ ሰው መለመን የማያስፈልጋት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚወሰነው በመኖሪያ አድራሻ መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል፤ ቤቱ ከተከራዩ በኋላ ትምህርት ቤት መምረጥ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን፣ ቀጥሎ ቤቱን መፈለግ ይበጃል።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አንዳንድ የጎረቤትና የመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞች ማኅበረሰቡ ያቋቋማቸው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አሉ። በሪያድና በጅዳ የሚገኙት በእጅጉ ይታወቃሉ፤ በጅቡቲም የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አለ። በእነዚህ የሚማር ልጅ አማርኛውን አይረሳም፣ ሲመለስም የሚገባበት ክፍል አያጠያይቅም። በሌላ በኩል የተቀባዩ አገር የፈቃድ ደንብ፣ የሕንፃ ኪራይና የመምህራን ቅጥር የሚፈጥሩባቸው ችግር ስላለ፣ በተመደቡበት ዓመት እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚያስተምሩና አገር አቀፉ ፈተና በዚያው መሰጠት አለመሰጠቱን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በኩል ማጣራት ግድ ይላል።

የትምህርት ዘመኑ አጀማመርም ያልታሰበ መዘግየት ሊያስከትል ይችላል። በኢትዮጵያ መስከረም ላይ የሚከፈተው ትምህርት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሞላ ጎደል ይገጥማል። በደቡብ አፍሪካና በኬንያ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች ግን ዓመቱ የሚጀምረው በጥር፣ በሕንድ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደግሞ በሚያዝያ ገደማ ነው። ሰኔ ላይ ስድስተኛን ጨርሶ ወደ ፕሪቶሪያ የሚሄድ ልጅ ከስድስተኛ መካከል ይቀላቀላል ወይስ ሰባተኛን ከግማሽ ይጀምራል የሚለው የሚወሰነው በተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው። ምደባው የሚፈቅድ ከሆነ የጉዞውን ቀን ከዚህ ጋር ማጣጣም ልጁን ግማሽ ዓመት ያተርፍለታል።

ቋንቋን በሚመለከት ዕድሜ ይወስናል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ሆኖ ከሰባተኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል። ስለዚህ ከሳሪስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥቶ በአምስተኛ ክፍል ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንጂ እንደ መማሪያ አይደለም። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ በካናዳ ባደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልጆች በአዲስ ቋንቋ ለመነጋገር በአማካይ ሁለት ዓመት የሚበቃቸው ሲሆን በትምህርት ቋንቋነት ከእኩዮቻቸው ጋር ለመስተካከል ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ወላጅ ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር አቀላጥፎ ሲያወራ ሰምቶ "ቋንቋውን ለምዷል" ብሎ ይረካል፤ የሳይንስ መጽሐፉን ሲያነብ ግን ልጁ ገና መንገድ ላይ ነው። በሰባት ዓመቱ ለሄደው ይህ ብዙ አያሳስብም። በ14 ዓመቱ ፍጹም አዲስ ወደሆነ ቋንቋ የሚገባው ግን ቋንቋውን ሳይጨርስ ፈተናው ይደርስበታል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ምንም ቢራቅ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መፈለጉ ይመረጣል።

አማርኛውስ? ለሦስት ዓመት ያልጻፉበት ፊደል ከእጅ ይወጣል። ታናናሾቹ ማንበብ ሳይጀምሩ ሄደው ማንበብ ሳይችሉ የሚመለሱበት ሁኔታ እንግዳ አይደለም። የየክፍሉን የአማርኛ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ገዝቶ መሄድና በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ማስጠናት ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። በባካሎሬት ፕሮግራም ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ የሚፈተንበት ሥርዓት ስላለ፣ ልጁ በአማርኛ መፈተን ይችል እንደሆነ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ሰፊ ጊዜ የሚወስደው የሰነድ ዝግጅት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም የወጣ ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ የልደት የምስክር ወረቀት የሚያወጡት ፓስፖርት ሲያስፈልግ ነው፤ በዚህ ጥድፊያ ላይም ስሕተቱ ይገባል። ዋነኛው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ኅዳር 10 ቀን 2008 የተወለደች ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የልደት ቀኗ ኖቬምበር 20 ቀን 2015 ነው። ጸሐፊው በልማድ ስምንት ደምሮ 2016 ብሎ ካሰፈረው ልጅቱ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ታንሳለች። በእንግሊዝ ክፍል የሚመደበው እስከ ኦገስት 31 በሞላው ዕድሜ በመሆኑ፣ ይህች ልጅ በአንድ አኃዝ ምክንያት ከአንድ ክፍል ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ማስተካከሉ ደግሞ ጉዞውን ሊያስተጓጉል የሚችል ረጅም ሂደት ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ባለመኖሩ አባት፣ እናትና ልጅ በመጨረሻ የሚጻፈው ስማቸው ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የውጭ ትምህርት ቤት ጸሐፊን ያደናግራል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የአንዱ ልጅ ስም በልደት ማስረጃው፣ በፓስፖርቱና በትምህርት ቤት ካርዱ ላይ በሦስት አጻጻፍ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሦስቱም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ እንዲሆኑ ከመነሻው ማድረግ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ሰነዶች የታወቁ ናቸው፦ የሦስት ዓመት የውጤት ትራንስክሪፕት፣ ከትምህርት ቤቱ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የክትባት ካርድ፣ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉመውና ተረጋግጠው። ማረጋገጫው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ወደ ተቀባዩ አገር ኤምባሲ የሚደርስ ስለሆነ በሳምንት ያልቃል ተብሎ የሚታሰብ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ርእሰ መምህሩ የማይገኙበት ጊዜ መሆኑም ታሳቢ መደረግ አለበት።

በትምህርት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሳይደብቅ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። የግል ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት "አቅም የለኝም" ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ይህን መልስ ከአዲስ አበባ ሆኖ መስማት ሻንጣ አራግፎ ከመስማት ይሻላል።

መመለሻው ሲቃረብ ነገሩ ተገልብጦ ይጀመራል። በ2015 ዓ.ም ተግባራዊ መሆን የጀመረው የአገሪቱ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛ ደረጃን ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ አድርጎ ደልድሏል፤ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ከ2011 ዓ.ም በኋላ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የሄደ ቤተሰብ የሚያውቀውን ሳይሆን ያሁኑን አደረጃጀት ጠይቆ መነሣት አለበት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙዎች ካርቱምን ለቀው የወጡት የያዙትን ብቻ ይዘው ነበር። የትምህርት ማስረጃ ቅጂ በየዓመቱ መጨረሻ ተወስዶ በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ እጅ ቢቀመጥ እንዲህ ላለው ጊዜ ይደርሳል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ያለበትን ተማሪ ትራንስክሪፕት የማይሰጡ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ የመጨረሻው ሴሚስተር ክፍያ ተጠናቆ በማኅተም የታሸገው ማስረጃ ከእጅ ሳይገባ የአውሮፕላን ትኬት ባይቆረጥ ይመረጣል።